ሥዕሉ የት ይቀመጥ?
በማስተማሪያ ሞጁሎች የሥዕልና የመግለጫ አቀማመጥ ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተዘጋጀ ሞጁል ለግምገማ በሚቀርብበት ጊዜ የገምጋሚዎች ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በዓላማዎቹ አጻጻፍ፣ በይዘቱ ትክክለኛነትና በመልመጃዎቹ ላይ ነው። ስለ ሥዕሎቹ የሚነሣው ጥያቄ ግን አሉ ወይስ የሉም ከማለት እምብዛም አያልፍም። የትኛው ሥዕል ከየትኛው ዓረፍተ ነገር አጠገብ እንደ ተቀመጠ፣ መግለጫውም ከሥዕሉ ጋር አብሮ መኖሩን መመርመር የጽሕፈት ሠራተኛው ኃላፊነት ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ አስተያየት መታረም ያለበት ነው። ሥዕል በገጽ ላይ የሚይዘው ቦታ የትምህርቱ አንድ ክፍል ስለ ሆነ፣ ውሳኔው የአዘጋጁ እንጂ የጽሕፈት ሠራተኛው ወይም የኮምፒዩተሩ ሊሆን አይገባውም።

1. ችግሩ በምሳሌ ሲታይ

ስለ ልብ አሠራር የሚያስተምር አንድ የሳይንስ ሞጁል ለአብነት ይወሰድ። አዘጋጁ «ከዚህ በታች ባለው ሥዕል እንደሚታየው» ብሎ ይጽፍና የልብን ሥዕል ያስገባል፤ የክፍሎቹን ስም በየትንንሽ ሳጥኑ ጽፎ በቀስት ያመለክታል፤ ከሥሩም «ሥዕል 3፡ የልብ ክፍሎች» ይላል። ገጹ በእርሱ ኮምፒዩተር ላይ ያማረ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በመግቢያው ላይ ሁለት መስመሮች ይጨመራሉ፤ ወይም ጽሑፉ በማተሚያ ክፍሉ ኮምፒዩተር ላይ ይከፈታል። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል፤ መግለጫው ከባዶ ቦታ በታች ብቻውን ይቀራል፤ ቀስቶቹም ከተተከሉበት ስፍራ ይናወጣሉ።

ጉዳቱ የገጹን መልክ ከማበላሸት ይሻገራል። በልብ ሥዕል ላይ የልብ ግራ ጎን ለአንባቢው በቀኝ በኩል ይታያል፤ ምክንያቱም ሥዕሉ የሚያሳየው ፊቱን ወደ አንባቢው ያዞረ ሰው ልብ ነው። ይህን የሚነግረው መግለጫ የጠፋበት፣ ቀስቱም የተዛባበት ሠልጣኝ ግራውን ቀኝ ብሎ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስላል። ተማሪዎቹም ያንኑ በየደብተራቸው ይገለብጣሉ። ከሞጁሉ በቀር ሌላ ማመሳከሪያ መጽሐፍ በማይገኝበት ትምህርት ቤት ይህን ስሕተት የሚያርም ነገር የለም።

2. የችግሩ ምንጭ

በማይክሮሶፍት ዎርድ የጽሕፈት ፕሮግራም ሥዕል በሁለት ዐይነት መንገድ ሊቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ «ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት» የሚለው ሲሆን፣ ሥዕሉ እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ተቆጥሮ በመስመሩ ውስጥ ይገባል። ከፊቱ ያሉት ቃላት ሲገፉ አብሮ ይገፋል፤ ሲሰበሰቡም አብሮ ይሰበሰባል። ሁለተኛው ሥዕሉ በጽሑፉ ላይ ተንሳፎ ቃላቱ ዙሪያውን እንዲከቡት የሚያደርግ ነው። ተንሳፋፊው ሥዕል በማይታተም መልሕቅ ከአንድ አንቀጽ ጋር ይታሰራል፤ ያ አንቀጽ ወደ ሌላ ገጽ ከተሻገረም ይከተለዋል። ሥዕሉ በመዳፊት ሲጎተት ግን አዘጋጁ ሳያስተውል መልሕቁ ወደ ሌላ አንቀጽ ሊዛወር ይችላል። ለተንሳፋፊ ሥዕል መግለጫ ሲሰጥ ደግሞ መግለጫው በራሱ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሁለቱ ካልተጣመሩ በቀር ሥዕሉ ሲንቀሳቀስ መግለጫው ባለበት ሊቀር ይችላል። በመስመር ውስጥ ለገባ ሥዕል የሚሰጠው መግለጫ ግን እንደ ማንኛውም አንቀጽ ከሥሩ ይጻፋል።

ታዲያ ብዙዎች ተንሳፋፊውን የሚመርጡት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት እንደ ፈለጉ ጎትቶ ማስቀመጥ ቀላል መስሎ መታየቱ ነው። ሌላው ብዙም የማይታወቅ ነው። የመስመሮች ርቀት በተወሰነ ልክ እንዲጸና በታዘዘበት አንቀጽ ውስጥ ሥዕል ሲገባ፣ ከሥዕሉ የሚታየው የአንድ መስመር ከፍታ ያህል ቁራጭ ብቻ ነው። አዘጋጁም መንገዱ የማይሠራ መስሎት ይተወዋል። መድኀኒቱ ግን ሥዕሉን የያዘውን አንቀጽ የመስመር ርቀት ወደ ነጠላ መመለስ ብቻ ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የፊደል ቅርጾች ጣጣ ይጨመራል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት እርስ በርሳቸው በማይግባቡ ልዩ ልዩ የፊደል ሶፍትዌሮች ይጻፍ ስለ ነበር፣ በእነዚያ የተዘጋጀ ጽሑፍ የፊደሉ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን አዘጋጁ የተጠቀመበት የፊደል ቅርጽ ካልተገኘ በሌላ ይተካል፤ የፊደላቱ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮቹ ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ፤ ገጾቹም ይለዋወጣሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ከቃላቱ ጋር በትክክል ያልታሰረ ሥዕል በስፍራው ይጸናል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

3. ትውፊትና ምርምር

ሥዕልን ከቃል ጋር የማሰር ጥበብ ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አይደለም። ኮሜኒየስ በ1658 እ.ኤ.አ. በኑረምበርግ ባሳተመው «ኦርቢስ ሴንሱዋልዩም ፒክቱስ» በተሰኘው የሕፃናት መጽሐፍ፣ በሥዕሉ ውስጥ ባሉት ነገሮች ላይ ቁጥር ጽፎ ያንኑ ቁጥር በንባቡ ውስጥ ካለው ስማቸው አጠገብ አኑሯል። ሕፃኑ ከቃሉ ወደ ነገሩ፣ ከነገሩም ወደ ቃሉ የሚመላለስበት መንገድ በዚህ ተጠርጎለታል።

በአገራችንም የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች ላይ የሚጻፈው መግለጫ ብዙ ጊዜ «ዘከመ» በሚለው የግእዝ ቃል ይጀምራል፤ ይኸውም «እንዴት እንደ» ለማለት ነው። መግለጫው በሥዕሉ ላይ ያለው ማን እንደ ሆነ ከመጥቀስ አልፎ ምን እንደ ተደረገ ይናገራል፤ የሚጻፍበትም ስፍራ ሥዕሉ ያለበት ገጽ ራሱ ነው። ዛሬ በሞጁሎች ላይ የሚታየው «የልብ ክፍሎች» የሚል ደረቅ ስያሜ ከዚህ አሠራር ጋር ሲነጻጸር ድህነቱ ይታያል።

ከቅርብ ጊዜ ምርምሮች የቻንድለርና የስዌለር ሥራ ሊጠቀስ ይገባዋል። እነዚህ ተመራማሪዎች በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ እርስ በርስ ካልተደጋገፉ የማይገቡ ሥዕልና ጽሑፍ ተራርቀው ሲቀመጡ የተማሪው ትኩረት ለሁለት እንደሚከፈልና የመማር አቅሙ እንደሚቀንስ አመልክተዋል። ምክንያቱም ውስን የሆነው የአእምሮ የሥራ ጉልበት ከመረዳት ይልቅ አንዱን ከሌላው በመፈለግ ይባክናል። በ1991ዱ ጥናት ግን ሌላም ቁም ነገር አለ። የደም ዝውውርን በሚያሳይና ያለ ጽሑፍ ሊገባ በሚችል ሥዕል ላይ ያንኑ የሚደግም ጽሑፍ መጨመሩ ተማሪዎቹን ከመርዳት ይልቅ አደናቅፏቸዋል። ስለዚህ መግለጫ ከሥዕሉ አጠገብ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሥዕሉ ሊናገር የማይችለውን መናገር አለበት። ለተጠቀሰው ምሳሌ የሚስማማው መግለጫ፣ «ሥዕል 3፡ የልብ ግራ ጎን በሥዕሉ ላይ በቀኝ በኩል ይገኛል። ደምን ወደ መላ አካል የሚገፋው የግራው የታችኛ ክፍል ጡንቻው ይበልጥ ወፍራም መሆኑን አስተውል» የሚል ሊሆን ይችላል።

4. የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

ቃላት ዙሪያውን የከበቡት ሥዕል ወረቀት ይቆጥባል የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። ለብዙ ቅጂ በጀቱ ጠባብ በሆነበት ስፍራ ይህ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ተማሪው ሊጠቀምበት በማይችለው ሥዕል ላይ የወጣው ቀለምና ወረቀት ራሱ ብክነት ነው። ቁጠባው አስፈላጊ ከሆነ ጠርዙ የማይታይ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሠርቶ በአንዱ ዓምድ ንባቡን፣ በሌላው ሥዕሉን ከመግለጫው ጋር ማስገባት ይቻላል። በፊደል ማስተማሪያ መጻሕፍት ሥዕሉ ከፊደሉ ጎን መቀመጥ ስለሚኖርበት፣ ለእነዚህም የሚመረጠው ይኸው የሠንጠረዥ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የቴክኒክ ሰው ሥራ ነው የሚል ነው። የማተሚያ ክፍሉ ሠራተኛ ገጽን አሳምሮ ያስተካክላል፤ ነገር ግን የልብ ግራ በየት በኩል እንደሚታይ እንዲያውቅ አይጠበቅበትም። የተበተነ ሥዕልና መግለጫ እንዲያገጣጥም ማድረግ ያላስተማሩትን እንደ መፈተን ነው።

5. ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች በሞጁል ዝግጅት መመሪያ ውስጥ ቢካተቱ ይጠቅማል።

ሀ. ሥዕል በራሱ አንቀጽ ላይ በመስመር ውስጥ ይግባ፤ አንቀጹም «ኪፕ ዊዝ ኔክስት» በሚለው ትእዛዝ ከመግለጫው ጋር ይታሰር።

ለ. የክፍሎች ስምና ቀስት በሥዕሉ ላይ በተናጠል ከመለጠፍ ይልቅ አስቀድሞ ከሥዕሉ ጋር አንድ ሆኖ ይዘጋጅ።

ሐ. በንባቡ ውስጥ «ከላይ» እና «ከታች» ማለት ቀርቶ ሥዕሉ በቁጥሩ ይጠቀስ። ቁጥሩ በእጅ ከሚጻፍ በፕሮግራሙ የመግለጫ ማስገቢያ ይሰጥ፤ ለዚህም «ሥዕል» የሚል የአማርኛ ስያሜ በፕሮግራሙ ላይ አንድ ጊዜ መፍጠር ይበቃል። በመካከል ሌላ ሥዕል ቢጨመር የቀሪዎቹን ቁጥርና በንባቡ ውስጥ ያሉትን ጥቅሶች በማደስ ትእዛዝ ማስተካከል ይቻላል።

መ. የተጠናቀቀው ሞጁል የፊደሉን ቅርጽ በያዘ ፒዲኤፍ ፋይል ተቀይሮ ለኅትመት ይላክ።

ሠ. አዘጋጁ የመጨረሻውን የኅትመት ናሙና ሥዕል በሥዕል ተመልክቶ ሳይፈርም ሞጁሉ አይባዛ።

ከእነዚህ ነጥቦች አራቱን ማንም የጽሕፈት ሠራተኛ በአጭር ሥልጠና ሊማራቸው ይችላል። አምስተኛው ግን ትምህርቱን ለሚያውቀው ሰው ብቻ የተተወ ግዴታ ነው። ሠልጣኙ መምህር ሞጁሉን ይዞ ወደ ተመደበበት ትምህርት ቤት ከሄደ በኋላ የተሳሳተውን ቀስት የሚያቃናለት አዘጋጅ አጠገቡ አይኖርም።