የጥቅምት ሻይ በወልድያና በመርሳ

ሻይ ቅጠል መምረጥ ለእኛ ለሻይ ቤቶች ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር አይደለም። ከኢሉባቦሩ ጉመሮም ይምጣ ከካፋው ውሽውሽ፣ የሀገራችን ሻይ ደቀቅ ያለ ጥቁር ሻይ ነው፤ የፈላ ውኃ ሲነካው ቶሎ ይቀላል፣ ሲበዛ ምላስ ያደርቃል። ጎሬ አካባቢ ሻይ መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነውና ዕድሜው መቶ ሊደፍን ተቃርቧል። ክረምቱ ወጥቶ መፀው ሲገባ ግን የሚያከራክረን ቅጠሉ ሳይሆን ከቅጠሉ ጋር በራድ ውስጥ የሚገባው ነው። እኔ የምመርጠው በከፍታውና በሰዓቱ ነው።

ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ሲሉ የሚያገኟት የሀብሩ ወረዳዋ መርሳ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። ውኃው ራሱ ይለያያል፦ ወልድያ ላይ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ መርሳ ላይ ወደ 95 ይጠጋል። ለደቃቁ ሻይ ልዩነቱ አይታወቅም፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ግን ወልድያ ላይ ትንሽ ሰንበት ብለው ካልተንተከተኩ ጣማቸውን አይለቁም። ብርዱም እንደዚያው ነው። “ለጥቅምት አንድ አጥንት” የሚባለው ወልድያ ላይ በማለዳ እውነት ነው፤ አጥንቱ ላልተገኘለት ሻይ አለለት። በዚያው ቀን መርሳ ላይ በቀትር ጥላ የሚፈልግ ሰው ታያላችሁ።

ለወልድያ ማለዳ ጦስኝን የሚያህል የለም። ከዲልብ በላይ ያለው ደጋ የክረምቱን ዝናብ ጠግቦ ሲያበቃ ጦስኙ ያብባል። ከ2,200 ሜትር በታች ብዙም ስለማይገኝ ለወልድያ ቅርብ፣ ለመርሳ ሩቅ ነው። በገበያ ቀን ሴቶቹ በትንንሽ እስር ይዘውት ይወርዳሉ። ስገዛ መጀመሪያ የማየው ግንዱን ነው። ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ ቅጠሉ ከበዛ የዘንድሮ ነው፤ ግንዱ ጠንክሮ ቅጠሉ ከሳሳ ሻዩም እንጨት እንጨት ይላል። ቀጥሎ ሁለት ሦስት ቅጠል በጣቴ አሽቼ አሸታለሁ። ደህናው ጦስኝ አፍንጫን ሰርስሮ ይገባል፤ ጭስ ጭስ ካለ ምድጃ አጠገብ የደረቀ ነውና ለወጥ ይሁን እንጂ ለሻይ አይሆንም። ቤት ሳደርሰው ሰፌድ ላይ በስሱ ዘርግቼ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ፤ ፀሐይ ሽታውን ይወስድበታል።

አፈላሉም የራሱ ሥርዓት አለው። ሻዩ ፈልቶ በራዱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው ጦስኙን የምጨምረው፤ ክዳኑን ገጥሜ ብርጭቆዎቹን እስካሰናዳ እተወዋለሁ። ከእሳቱ ጋር ከተንተከተከ መዓዛው በእንፋሎት ይሄድና ምሬቱ ይቀራል። ያኔ ደንበኛዬ “እትዬ፣ ሻይ ነው መድኃኒት የሰጡኝ?” ቢለኝ አልፈርድበትም። ስኳሩን ለብቻ አቀርባለሁ፤ ሳይጠይቁ ሦስት ማንኪያ የመገልበጥ ልማዳችን ጦስኙን ይገድለዋል።

መርሳ ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት የቀትሩ ሻይ የሎሚ ነበር። ሀብሩ የፍራፍሬ አገር ነው፤ መንገዱ ዳር ማንጎና ፓፓያው ተደርድሮ እያለ በዱቄት ቅመም መድከም አይገባም። ሎሚውን በራድ ውስጥ አልከትም፤ ብርጭቆው ከተቀዳ በኋላ ጠብ ሳደርግበት ጥቁሩ ሻይ ወዲያው ይፈካል። ከደሴ የሚመጡት ሾፌሮች ይህን ያውቃሉ፤ ገና ከመኪናቸው ሳይወርዱ “እታለም፣ ቀጠን አድርጊና በሎሚ!” ይሉኝ ነበር። ወተት ግን ሎሚ ከነካው ይበጣጠሳልና ሁለቱን አንድ ላይ የሚያዝዝ ሰው ሲመጣ አንዱን ያስመርጡት።

ወተቱን ካነሣን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የነቢያት ጾም ነው። ጿሚው ወደ ቅመም ሻይ ይዞራል፤ ሙስሊሙ ደንበኛ በወተት መጠጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ በእነዚህ ሳምንታት ሁለት በራድ፣ ሁለት ማጥለያ ይያዛል። ወተት የነካው ማጥለያ ለጿሚ አይቀርብም።

ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ዝንጅብል ለማታ ጥሩ ናቸው፤ ግን ሁሉንም በአንዴ መጨመር አልወድም። ተፈጭቶ የሚሸጠው የሻይ ቅመም ብርጭቆው ሥር ጭቃ ይተዋል፣ ቅርንፉዱም ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። አንድ ዋና፣ ቢበዛ አንድ አጃቢ ይበቃል። ጤና አዳምም አንዲት ቅርንጫፍ ብርጭቆ ላይ ጣል ቢደረግ ደስ ይላል፤ ፔርሙስ ውስጥ ሲቆይ ግን ይመራል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ አልሰጥም፤ ለፅንስ ያሰጋል።

የጦስኝ ገዢ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከነሥሩ የተነቀለውን አትግዙ። ሻጮቹን ከላይ ከላዩ የታጨደውን እንዲያመጡላችሁ ንገሯቸው፤ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም ክፈሉ። ሥሩ ከቀረለት በሚመጣው ክረምት ያቆጠቁጣል፤ ከተነቀለ ግን ከዚያ ቦታ ሌላ አይገኝም።