ወገብ የሌለው ወግ

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው ነገር ነበር፦ «በዚህ ትረካ ውስጥ የጠፋው ማነው?» እስቲ ይኼን ጥያቄ በቡናችን ወግ ላይ እንሞክረው።

ካልዲን የማያውቅ የለም። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ጨፈሩ፤ እረኛው ቀመሰ፤ መነኩሴው አፈላ፤ ዓለም ነቃ። ወጉ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ውስጥም የእረኛው ስም ሳይጠራ ይገኛል። ከፋዎች ግን ቦታው ማንኪራ ነው ይላሉ፤ ጫካው ውስጥ «የቡና እናት» የሚሉትን ዛፍ ያሳያሉ። ጫካውም በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው የከፋ ባዮስፌር አካል ነው። ፍየሉም፣ መነኩሴውም፣ ዛፉም አለ። የጠፋው ለቃሚው ነው። በዚህ ሁሉ ወግ ውስጥ አንድም ሰው ወገቡን አያመውም!

የጫካ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይረዝማል። ለቃሚው ቅርንጫፉን ያጎብጣል፤ አልደረስ ሲለው ይወጣል። ቅርንጫፍ ይሰበራል፤ የረጠበ ዳገት ያንሸራትታል፤ የሞላው ከረጢት በጀርባ ይጓዛል። ጀንፈሉ መፈልፈያ ቤት ሲገባ ደግሞ ተራው የአቧራው ነው። በሀገራችን የቡና ፋብሪካዎች የተደረጉ ጥናቶች ሳልና የትንፋሽ ማጠር በሠራተኞቹ ላይ በዝቶ መታየቱን አሳይተዋል።

«ኧረ ሰዉ ለምዶታል» የሚለኝ አይጠፋም። ሳምባ ግን አይለምድም፤ ዝም ብሎ ያልቃል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ፣ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጤናማ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች ተርታ አሰልፎታል። ጥሩ። ነገር ግን አዋጁ የሚጠይቀው አሠሪን ነው። የገዛ ቤተሰቡን ቡና ለመልቀም ዛፍ ላይ የወጣው ገበሬ አሠሪው ማነው? ሕጉም እንደ ወጉ ጫካው ዳር ሲደርስ ይቆማል።

መፍትሔው ሩቅ አይመስለኝም። በመፈልፈያው ቤት አቧራውን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ ይቅደም፤ የአፍንጫ መሸፈኛ ይከተል፤ መሸፈኛ ብቻውን ማስተባበያ ነውና። በጫካው ደግሞ ፍሬውን ከመሬት ሆኖ ጎትቶ የሚያወርድ ቆልማማ እንጨት፣ በልክ የሚሞላ ከረጢት ይበቃል። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በለቀማ ወራት ስለ መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ወገቡና ስለ ሳሉ ትጠይቅ።

ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም አለን፤ ደግ ነው። እኔ ግን የቡና ወጋችን ተሟላ የምለው አቦሉ ሲቀዳ አንድ ሰው «ለመሆኑ የለቀመው ሰው ደኅና ነው?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው።