መጀመሪያ ገልብጡት

ሰኔ በገባ ቁጥር የድሬ ዳዋ ትምህርት ቤቶች የልጆችን የእጅ ሥራ ደርድረው ወላጅ ይጠራሉ። ወላጁ የሚያደንቀው ሁልጊዜ ያንኑ ነው፦ በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተለበጠ፣ ባንዲራ የተሰካበት፣ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የካርቶን ባቡር። መምህሩም ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል። ያን ባቡር ግን ማንም ገፋ አድርጎ አይሞክረውም። ቢገፋም አይሄድም፤ ጎማዎቹ ከነዘንጋቸው ሆዱ ላይ በሙጫ ተጣብቀዋል።

ቀለም ከመስመር መውጣቱን፣ ሙጫ መዝረክረኩን፣ የእናት እጅ ከልጅ እጅ መለየቱን ዓይን ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱን እተወዋለሁ። የኔ ጉዳይ ጎማው ነው።

ባጃጅም ይሁን ፉርጎ፣ የልጅ ሥራ ስታዩ መጀመሪያ ገልብጡት። ለታይታ የሠራ ሰው ሆዱን ይረሳል። ከዚያ ጎማውን በጣት መታ አድርጉት። ጣታችሁን ካነሣችሁ በኋላም መዞሩን ከቀጠለ ደህና ነው። እየተወላገደ ከዞረ ቀዳዳው መሃሉን ስቷል፤ የቆርኪ ጎማ ዋና ሕመም ይኸው ነው። ቆርኪ 21 ጥርስ አለው። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ ከአንዱ ጥርስ ትይዩ የሚገኘው ክፍተት ነው፤ ከጥርስ ወደ ጥርስ አስምሮ መሃሉን የሚፈልግ ልጅ ይስታል። ቆርኪውን ወረቀት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን ይሣል፣ ክቡን ቆርጦ ሁለቴ እኩል ይጠፈው፣ እጥፋቶቹ በተሻገሩበት ነጥብ ቆርኪው ይበሳ። ሚስማሩን አዋቂ ይምታለት፤ ነጥቡን ግን ልጁ ራሱ ይፈልግ።

ዘንጉ ደግሞ ሌላ ነው። ጋሪ ላይ ዘንጉ ቆሞ ጎማው ብቻ ይዞራል። ባቡር ላይ ጎማና ዘንግ ተያይዘው አብረው ይዞራሉ። ስለዚህ ፉርጎ የሚሠራ ልጅ ጎማውን ከዘንጉ ጋር ቢያጣብቀው ልክ ነው። ዘንጉ ግን በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አልፎ እንደ ልቡ መዞር አለበት፤ ካርቶኑ ላይ የሚጣበቀው ቀፎው ነው። ጋሪ ከሆነ ተቃራኒው ነው። ይህን የማያውቅ መምህር ባቡር ሥሩ ብሎ አይዘዝ፣ በተለይ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ በተቆረቆረች፣ የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ በነበረባት ከተማ!

ከዚያ ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ አንድ አባት ከዚራ ሰፈራችን ነበሩ። የሽቦ መኪናችንን ይዘን ስንሄድ ቀለሙን አያዩትም ነበር። «አቦ፣ ይሄዳል ወይስ ይጎተታል?» ይሉናል። ዘንበል ያለ ጣውላ ላይ ለቅቀውት ወደ ጎን ካመለጠ ክር ያወጣሉ፤ ከፊት ዘንግ እስከ ኋላ ዘንግ በቀኝም በግራም ይለካሉ። ሁለቱ ርዝመት ካልተካከለ ዘንጎቹ ትይዩ አይደሉም። ሽቦውን ሲያቃኑት ጥፍራቸው ውስጥ የቀረው የግራሶ ጥቁረት ዛሬም ይታየኛል። አንድም ቀን ጎበዝ ብለው አያውቁም። ካማረላቸው መኪናውን ደግመው ይለቁታል፤ ለዚያች ሁለተኛ መልቀቅ ስንል ስንት ነገር አፍርሰን ሠርተናል።

የእሳቸውን ፈተና ያለፈውን ደግሞ ደቻቱ ይፈትነው ነበር። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ሲሆን ቀጭን ጎማ ይሰምጣል። ብልሆቹ ልጆች ሁለት ቆርኪ ጀርባ ለጀርባ ያጋጥማሉ፣ ወይም ካረጀ ነጠላ ጫማ ሶል ወፍራም ጎማ ይቆርጣሉ። መልኩ አያምርም፣ ጠርዙ የተቦጫጨቀ ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ከሚያብረቀርቀው ባቡር በፊት ለእሱ ነጥብ እሰጣለሁ፤ ልጁ አሸዋውን አይቶ ነው ጎማውን የቆረጠው።

ለመምህራን አንድ ነገር ልጠይቅ። በመጪው ሰኔ፣ ወላጅ ከመግባቱ በፊት፣ የጠረጴዛውን ሁለት እግሮች በአንድ ወገን በጡብ ከፍ አድርጉና ሥራዎቹን ከላይ ልቀቋቸው። ነጥቡን ከዚያ በኋላ ስጡ።