የማያሳድር ማኅደር፦ ስለ ቤት ኮምፒዩተር ስያሜዎች

ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ራስፕቤሪ ፓይ 500 የተባለ የቤት ኮምፒዩተር በ90 የአሜሪካ ዶላር ለገበያ መቅረቡ ተገልጿል። መላ አካሉ በቁልፍ ሰሌዳው ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ፣ የኤሌክትሪክ ኃይልና ማሳያ ካገኘ ሌላ የሚሻው ነገር ጥቂት ነው። ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም፤ በ1974 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ኮሞዶር 64ም እንዲሁ ነበር። የዚያ መሣሪያ ስም የተወሰደው ከያዘው 64 ኪሎባይት ሲሆን፣ የዛሬው 8 ጊጋባይት፣ ማለትም 131,072 እጥፍ ይይዛል። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ እኛን ያሳሰበን ግን የምን ቁጥር እንደሆነ በአማርኛ የሚነገርበት ቃል ነው።

በመግለጫው ውስጥ ሁለት መጠኖች አሉ። 8ቱ ጊጋባይት መሣሪያው እየሠራ ሳለ የያዘውን ሥራ የሚያቆይበት ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። አብሮት በሚሸጠው ትንሽ ካርድ ላይ ያለው 32 ጊጋባይት ግን ኃይል ቢኖርም ባይኖርም የተቀመጠበትን ይዞ ይቆያል። ዛሬ በስልክና በኮምፒዩተር ገጾች ላይ በሚነበቡት የአማርኛ ስያሜዎች የመጀመሪያው «ማህደረ ትውስታ»፣ ሁለተኛው «ማከማቻ» ይባላል። ነቀፌታችን በመጀመሪያው ላይ ነው።

እንደሚታወቀው ማኅደር የመጣው ከግእዙ «ኀደረ» ነው፤ በአማርኛ «አደረ» የምንለው። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ መያዣ ማኅደር ነው፤ መኖሪያም ማኅደር ነው፤ በመሥሪያ ቤት የሠራተኛው ወረቀት ከቅጥር እስከ ጡረታ የሚጠራቀምበትም ማኅደር ነው። በሦስቱም ፍቺዎች የገባው ነገር ያድራል። በኮምፒዩተሩ «ማህደር» ግን የሚያድር የለም። በፒያሳ ማመልከቻ የምትተይብ ጸሓፊ ገጹን ሳታስቀምጠው መብራት ቢጠፋባት፣ ደብዳቤው በማህደር ነበር ብሎ የነገራት ቃል ዋሽቷታል። «ራም» የሚለው ቃል በእኛ ቋንቋ ሥር የለውም፤ ስለዚህ ቢያንስ ማንንም አያታልልም። በኮምፒዩተር ሱቆች ሻጩም ገዢውም «ራሙ ስንት ነው?» ሲባባሉ ምን እንደሚጠይቁ ያውቃሉ።

የውጭ ቃል ሁሉ ይወገድ የሚል ሰው ይህን ክርክሩን ፒያሳ ላይ ቆሞ ባያቀርበው ይሻለዋል። ስሙ ጣሊያንኛ ነው። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል፣ በጠላት ዘመን፣ የአራዳው ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ስሙ ግን ከስፍራው አልሄደም፤ ጭራሽ ብልህና የነቃ ሰው መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። ሕዝብ ቃልን የሚቀበለው በትውልዱ ሳይሆን በአገልግሎቱ ነው።

ስለሆነም ለመጀመሪያው «የሥራ ትውስታ»፣ ለሁለተኛው «ማኅደር» እንዲባል እናሳስባለን። «ገበታ» የሚለውም ታስቦን ነበር፤ ማዕድ ሲያበቃ ይነሣልና። ሆኖም ፊደል ገበታ ጋር ስለሚጋጭ ተውነው። ተርጓሚዎች «ማህደረ ትውስታ አንድ ጊዜ ተሠራጭቷል፣ አይነቀልም» ይሉን ይሆናል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። ነገር ግን ሁለቱ መጠኖች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን በሚታተሙበት ጊዜ ገዢው ገንዘቡን በተሳሳተው ቁጥር ላይ ሊያወጣ ይችላልና፣ የመልመድ ብዛት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ሌሎቹን ስያሜዎች በአጭሩ እናልፋለን። «ሥርዓተ ክወና» የሚያስመሰግን ነው፤ ክንውንና ክዋኔ የሚሉትን ለሚያውቅ ሰው ፍቺው ወዲያው ይገለጥለታል። «መዳፊት» ለጆሮ መዳፍን ያስታውሳል፣ ዕቃውም በመዳፍ ሥር ይውላል፤ ገበያው ግን «ማውዝ» ማለቱን አልተወም።

አንድ ነገር ይቀራል። የእንዲህ ያለ መሣሪያ ችሎታ ሲዘረዘር ፍጥነቱ ይነገራል፤ ለእኛ ግን ቀዳሚው ጥያቄ ፊደላችንን እንዴት ይይዛል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፤ ለሀ፣ ለሐና ለኀም የተለያየ። ለመሣሪያው እነዚህ ሦስቱ ምንም ዝምድና የላቸውም። የስያሜ ዝርዝራችንን በኮምፒዩተር ስናዘጋጅ እኛ «ማኅደር» ብለን እንጽፋለን፣ የስልኩ ገጽ «ማህደር» ይላል፤ ልዩ ደንብ ካልተሰጠው በቀር በአንዱ አጻጻፍ የፈለገ ሰው ሌላውን አያገኘውም።