ጨውን መለካትና የጨውን ታሪክ መጠየቅ፦ በባሕር ጠረፍ የእርሻ አፈር ጥናት ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ጨዋማ አፈር የሚጽፍ ሰው፣ ስሙን ቢጠራውም ባይጠራውም፣ ከአንድ መጽሐፍ ሳይቀዳ አያልፍም። ይኸውም በካሊፎርኒያ፣ በሪቨርሳይድ ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ የጨዋማነት ቤተ ሙከራ ያዘጋጀው፣ ኤል. ኤ. ሪቻርድስ በአርታዒነት የመራውና በ1954 የታተመው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጨዋማና የአልካሊ አፈር መመርመሪያ፣ በአጭሩ «የእርሻ መመሪያ ቁጥር 60» ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መጽሐፉን ማንኳሰስ አይደለም። ለደረቅ አገር መስኖ የተጻፈ መመሪያ ሳይመረመር ወደ ባሕር ጠረፍ ሲሻገር ምን እንደሚያመልጠው ማሳየት፣ በመጨረሻም ጉዳዩ ዛሬ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ልጆች የሆንነውን ስለምን እንደሚያገባን መጠቆም ነው።

የመጽሐፉ ውለታ በቅድሚያ ሊነገር ይገባል። ጨው የበዛበትን አፈር ሶዲየም ከበዛበት አፈር ለይቶ አሳይቶናል። የመጀመሪያው በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ይድናል። ሁለተኛው ግን ካልሲየም ሳያገኝ ቢታጠብ ይብስበታል፤ ሸክላው ይበተናል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ውሃም አያሳልፍም። ይህ ልዩነት የወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ሆላንዶች በተግባር ያውቁታል። በ1953፣ ጃንዋሪ አልቆ ፌብሩዋሪ በባተበት ሌሊት፣ የሰሜን ባሕር ክትሩን ጥሶ 1,836 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ የጨው ውሃ የተኛበትን እርሻ ያዳኑት ክትሩን ጠግነው፣ ውሃውን አጠንፍፈው፣ ጂፕሰም፣ ማለትም ጀሶ በትነው፣ ዝናሙ እስኪያጥበው ታግሠው ነው።

እንግዲህ ጉድለቱ የት ላይ ነው? የመጀመሪያው ከቁጥር አምልኮ ይነሣል። አፈሩን በውሃ አርሶ በማጣራት የሚገኘው ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ኃይሉ ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ አፈሩ «ጨዋማ» ይባላል። (የባሕር ውሃ 50 ገደማ ነው።) ነገር ግን ማስና ሆፍማን በ1977 ባወጡት ሠንጠረዥ መሠረት የሩዝ ምርት ገና በ3 መቀነስ ይጀምራል፤ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8 ይታገሣል። ስለዚህ ያው 4 ለሩዝ ገበሬ ከረፈደ በኋላ፣ ለጥጥ ገበሬ ደግሞ ገና ሳይነጋ የሚጮህ ደወል ነው። በእርግጥ መመሪያው ራሱ ሰብልን ከሰብል ለይቷል። ጥፋቱ ቁጥሩን ገልብጠን ማብራሪያውን የተውነው የአንባቢዎቹ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ጊዜን ይመለከታል። በሪቨርሳይድ ዙሪያ ዝናም ጥቂት ነው፤ ጨው የሚታጠበው ገበሬው በሚለቀው ውሃ ነው። በቤንጋል ጠረፍ፣ በዛሬይቱ ባንግላዴሽ፣ ግን የአፈሩ ጨው ከማርች እስከ ሜይ ጣራ ይነካል፤ ከጁን ጀምሮ ከባዱ ዝናም አጥቦ ያወርደዋል፤ ሩዙም ያን ጊዜ ይተከላል። ያንኑ ማሳ በሜይ የለካ «ጠፍ» ብሎ ይጽፋል፣ በኦገስት የለካ «ለም» ብሎ ይጽፋል። የተለካበት ወር ያልተጠቀሰበት የጨው ካርታ እውቀት ሳይሆን የእውቀት መልክ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ጉድለት የታሪክ ነው። የቤንጋል ገበሬ በባላባቱ እየታዘዘ በየዓመቱ የስምንት ወር ክትር ይሠራ ነበር። ክትሩ በበጋ የባሕሩን ጨው ይከላከላል፤ ክረምት ሲገባ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ ወንዙ ደለሉን ይዞ እርሻው ላይ ይተኛል። ደለሉ ማዳበሪያ ነበር፤ መሬቱ ከባሕሩ በላይ እንዲቆይ የሚያደርገውም እርሱ ነበር። በ1960ዎቹ፣ በምሥራቅ ፓኪስታን ዘመን፣ በአሜሪካ ርዳታ ጭምር ቋሚ ክትሮች ተተከሉ። የተከበበው መሬት ፖልደር ተባለ፤ ዛሬ ቁጥሩ 139 ነው። በመጀመሪያ ምርት ጨመረ። ደለሉ ግን እርሻው ላይ መተኛቱ ቀርቶ በወንዙ ወለል ላይ ተከማቸ፤ መሬቱም ሰመጠ። በ2015 በኔቸር ክላይሜት ቼንጅ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የፖልደር 32 መሬት ከአጎራባቹ የሱንደርባንስ ደን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ዝቅ ብሏል። አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ በሜይ 2009 ክትሩን ሲጥስ፣ መሬቱ ሁለት ዓመት ገደማ በባሕር ሙላት ሲጥለቀለቅ ቆየ። የሚያስገርመው፣ ያው ጎርፍ ክትሩ ለአርባ ዓመት ያህል የከለከለውን ደለል በአስር ሴንቲሜትሮች በሚለካ ውፍረት አስተኝቶ ሄደ።

የአፈር ለምነት ጥያቄም መታየት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሶዲየም ሥሩ ፖታሲየም እንዳያገኝ ይሻማዋል፤ ክሎራይድ ናይትሬትን ይጋፋል፤ ተክሉ እርጥብ አፈር ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ይህን «የንጥረ ነገር እጥረት» ብሎ ሰይሞ ማዳበሪያ በጆንያ ማዘዝ ቀላል ነው። ነገር ግን የሚሟሟ ማዳበሪያ ራሱ ጨው ነው። ደለሉን ከልክሎ ጆንያውን መሸጥ የገበሬውን ዕዳ ከመጨመር በቀር የአፈሩን ጉድለት አይሞላም።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ክትሩ ለተቃራኒው ዓላማ ዋለ። ለውጭ ገበያ ሽሪምፕ የሚያረቡ ባለሀብቶች የውሃ በሩን ከፍተው የባሕሩን ውሃ በፈቃዳቸው አስገቡ። በኖቬምበር 7 ቀን 1990 በኩልና፣ በፖልደር 22፣ ኮሩናሞዪ ሰርዳር የተባሉ ሴት ይህን ሲቃወሙ ተገደሉ። በየትኛው የአፈር ሠንጠረዥ ውስጥ ነው የእኒህ ሴት ሞት የሚመዘገበው? በአገሪቱ የአፈር ሀብት ልማት ተቋም ልኬት መሠረት ጨው የነካው መሬት በ1973 ከነበረበት 833 ሺህ ሔክታር በ2009 ወደ 1 ሚሊዮን 56 ሺህ አድጓል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ በሩን ማን እንደከፈተ ግን አይናገርም።

የተገላቢጦሹን ስሕተትም ማለፍ አይገባም። ሁሉን በባሕሩ ከፍ ማለት የሚያመካኙ አሉ፤ ሁሉን በሥልጣን በደል የሚተረጉሙም አሉ። የባሕሩ መነሣት እውነት ነው፤ ከ1975 ጀምሮ የፋራካ ግድብ የጋንጅስን የበጋ ውሃ መቀነሱም እውነት ነው፤ በደሉም እውነት ነው። የእያንዳንዱን ድርሻ የሚለየው ግን ልኬት ነው። ያለ ልኬት የሚቀርብ ክስ ያለ ታሪክ ከሚቀርብ ልኬት አይሻልም።

ለእኛስ? አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ነገሩ ግን በእርሱም ዳር ተደግሟል። በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹን ለሰፋፊ እርሻዎች ተነጠቀ። በአሚባራና በመልካ ሳዲ የመስኖ ውሃ ማስገቢያው ሲታሰብ ማጠንፈፊያው በጊዜው አልታሰበም። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨው ይዞ ወደ ላይ ወጣ፤ ብዙ ማሳም ጠፍ ሆነ። አሞሌን ለዘመናት በገንዘብነት የሰጠን የአፋር ምድር፣ ማንም የማይገዛውን ጨው በጥጥ ማሳ ላይ አበቀለ። ጉዳዩን የመረመሩ ጽሑፎች አሉን፤ አብዛኞቹ ግን ጨውን ለክተው፣ የተነጠቀውን ሰው ሳይጠይቁ ያልቃሉ።

ከእንግዲህ ስለ ጨዋማ አፈር የሚጻፍ ጥናት ሦስት ጥያቄዎች ሊመልስ ይገባዋል እላለሁ፦ በየትኛው ወር ተለካ? ቀድሞ መሬቱን ይመግብ የነበረው ውሃና ደለል ወዴት ሄደ? የውሃው በር ቁልፍ በማን እጅ ነው? ከአገር ርቀን የምንጽፍ እኛ ማሳው ላይ ቆመን መለካት አንችልም፤ የለኩትን መጠየቅ ግን እንችላለን። የተለየ አስተያየት ያለው በዚሁ መጽሔት ቢሞግተኝ፣ ጥቅሙ ለሁላችንም ነው።