የሁለት ቋንቋ ትምህርት ጥናትና የዘዴ ምርጫ፦ ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ አንጻር

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ፣ አፈጻጸሙን በስፋት ከመረመሩት ሥራዎች ዋነኛው በ1999 ዓ.ም. ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኰንን አለሙ ገብረ ዮሐንስ ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት ጥናት ነው። ጥናቱ የ8ኛ ክፍል ብሔራዊ ምዘና ውጤትን ከትምህርት ቤት ጉብኝትና ከቃለ መጠይቅ ጋር አጣምሮ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። ይህን ድምዳሜ የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም፤ ጥያቄያችን ያው ዘዴ ለደቡብ ምዕራቡ የቡና አገር ይበቃል ወይ የሚል ነው።

የምዘናው ንጽጽር የተመሠረተው በክልሎች አማካይ ውጤት ላይ ነበር። ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ያኔ የሚገኙበት የደቡብ ክልል ግን በሲዳምኛና በወላይትኛ የሚያስተምሩትንም፣ በአማርኛ የሚያስተምሩትንም ትምህርት ቤቶች በአንድነት ያቀፈ ነበር። እንዲህ ያለው አማካይ ስለ ሚዛን ተፈሪ ልጅ ምን ሊነግረን ይችላል?

በክልል ፋንታ ቋንቋን ከቋንቋ ማነጻጸርም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ካፍኛ ሲገኝበት ቤንችኛ አልነበረበትም። ስለዚህ በሁለቱ አንባቢዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ከማስተማሩ ይልቅ ከጽሑፉ ዕድሜ የመጣ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ቤንችኛ አምስት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች ያሉት ቋንቋ በመሆኑ፣ ከአማርኛ የተተረጐመ የንባብ ፈተና ያንኑ ችሎታ ይለካል ብሎ መቀበል ያስቸግራል።

ወደ ቴፒ ስንሻገር ችግሩ ይብሳል። ከእናቱ ጋር በሸኮኛ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በመዠንግር ወይም በሸክኛ፣ በገበያ ደግሞ በአማርኛ የሚነጋገር ልጅ፣ በመጠይቁ ላይ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» በሚለው አንድ ባዶ ቦታ ምን ይሞላል? መጠየቅ ያለበት ከማን ጋር በምን ቋንቋ እንደሚነጋገር ነው። መምህሩም መጽሐፉን በአንድ ቋንቋ አንብቦ በሌላ ያስረዳል፤ ሱፐርቫይዘር የገባ ዕለት ግን ይህን ይተወዋል። (መምህራን አንባቢዎቻችን ፈገግ እንደሚሉ እንገምታለን።) ስለሆነም የአንድ ቀን ጉብኝት የሚመዘግበው ለእንግዳ የተዘጋጀውን ትምህርት ነው።

መቶ ትምህርት ቤቶችን በመጠይቅ ከማዳረስ ይልቅ በሦስት ትምህርት ቤቶች ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ ይሻላል እንላለን። ዕቅድ አውጪዎች ከሦስት ትምህርት ቤቶች ተነሥቶ ስለ ዞን መናገር አይቻልም ቢሉ ትክክል ናቸው፤ ሰፊው መጠይቅ መከተል የሚገባው ግን ምን መጠየቅ እንዳለበት ከታወቀ በኋላ ነው። የፈተናው ጊዜም ይታሰብበት፤ በኅዳር ቢሰጥ ከወላጆቹ ጋር ቡና ለቀማ የወጣው ልጅ ከቁጥሩ ይጐድላል፤ ያ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ የሚጀምረው ነው።