የሹማምንት ደመወዝ ለሕዝብ ስለ መገለጡ፤ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ላይ የቀረበ ሂስ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለስላቅ ቢሆንም፥ ረጋ ብሎ ለመረመረው ሰው አንድ የአስተዳደር ታሪክ ይገልጥለታል፤ ይኸውም ሹመት ራሱ ደመወዝ የነበረበት ዘመን መኖሩን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ፥ ሹመትና ደመወዝ ከተለያዩ በኋላ ሕዝቡ የሹሙን ገቢ በትክክል ለማወቅ ችሏል ወይስ አልቻለም የሚለው ነው። ሂሳችን የሚያተኩረው በ2002 ዓ.ም. በወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ላይ ሲሆን፥ የደመወዝ ስኬሉንም አብረን እንመለከታለን። ሁለቱ ተነጣጥለው ሲታዩ ጉድለታቸው አይገለጥምና።

መነሻችንን አሊዩ አምባ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርዱ፥ ደጋው አልቆ ወደ አፋር ቆላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847) ከሸዋ መንግሥት ታላላቅ የንግድ በሮች አንዷ እርስዋ ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጨውና የውጭ አገር ዕቃ ያራግፍባት ነበር፤ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ቡናና የዝሆን ጥርስ፥ የሚያሳፍር ቢሆንም መነገር ያለበት ባሪያም፥ በዚሁ መንገድ ያልፍ ነበር። ገበያዋ ዓርብ ዓርብ የሚቆም ሲሆን፥ መገበያያው አሞሌ ጨውና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1842 በከተማይቱ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተንና የእንግሊዝ መልእክተኞች አለቃ የነበረው ዊልያም ሐሪስ፥ ሁለቱም በ1844 ባሳተሟቸው መጻሕፍት ይህን የንግድ ቦታ ጠቅሰውልናል።

በዚያን ጊዜ ሹም በየወሩ የሚቈጠር ደመወዝ አልነበረውም። የሚኖረው ከተሰጠው መሬት፥ ከግብርና ከቀረጥ ድርሻ ነበር። ይህም ገቢ ከሰው ዐይን ፈጽሞ የተሰወረ አልነበረም። መሬቱ የቱን ያህል እንደሆነ የሚያርሱለት ገበሬዎች ያውቁታል፤ ቀረጡም የሚቀረጠው በነጋዴውና በጭነቱ ነጂ ፊት ነው። ይህን ስንል ያለፈውን ዘመን ለማመስገን አይደለም። ገበሬውና ነጋዴው ያዩ ነበር እንጂ «ይህ ለምን ሆነ?» ብለው ሹሙን የሚጠይቁበት ሕግ አልነበራቸውም። ማየት ብቻውን መብት አይሆንም።

ዘመናዊው አስተዳደር ይህን ሥርዓት ቀስ በቀስ ለወጠው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጎችን በጽሑፍ ለሕዝብ ማውጣት ጀመረ፤ የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥርና ደረጃ በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1961 ተቋቋመ። ሹሙ ከመሬትና ከቀረጥ ወጥቶ ወደ ደመወዝ መዝገብ ገባ። ታላቅ እርምጃ እንደሆነ አይካድም። ነገር ግን ገቢው ከገበያ ወደ መዝገብ ሲገባ፥ መዝገቡን ማን ያነብበዋል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ለዚህ ጥያቄ «የደመወዝ ስኬሉ በይፋ ይነገር የለምን?» የሚል መልስ የሚሰጡ አሉ። እውነት ነው፥ ይነገራል። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር ከፍ እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል። ለ2018 ዓ.ም. በተነገረው ማሻሻያ ደግሞ ዝቅተኛው 6,000 ብር፥ የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር፥ የስኬሉ ጣሪያ ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር እንዲሆን ተደርጓል። ስለዚህ በአሊዩ አምባ የሚያስተምር አንድ ጀማሪ መምህር ስንት እንደሚከፈለው ባለ ሱቁም፥ የቤት አከራዩም፥ ዘመዱም ያውቃል። ገና ደመወዙ በእጁ ሳይገባ የቤት ኪራይ እንደተጨመረበት የሚናገር የመንግሥት ሠራተኛም ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ ስኬሉ ስለ ሁሉም አይናገርም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ሚኒስትር ዴኤታንና ከዚያ በላይ ያሉትን ሹማምንት ከመንግሥት ሠራተኛ ትርጓሜ ውጭ አድርጓቸው ነበር። የመንግሥት የልማት ድርጅቶች፥ ለምሳሌ አየር መንገዱ፥ ንግድ ባንኩና ቴሌኮሙ፥ የራሳቸው የደመወዝ መዋቅር አላቸው። ከዚህም በላይ ደመወዝ ማለት ደመወዝ ብቻ አይደለም። የመንግሥት ቤት ወይም የቤት አበል፥ መኪና፥ ነዳጅ፥ የስልክ አበል፥ የውሎ አበል፥ በቦርድ አባልነት የሚገኝ አበልም አለ። ከዝቅተኛው ሠራተኛ ገቢ ውስጥ ዋናው ክፍል ደመወዙ ሲሆን፥ ወደ ላይ በወጣን ቍጥር ግን ከደመወዙ ውጭ ያለው ጥቅም እየከበደ ይሄዳል። በውጤቱ የትንሹ ሠራተኛ ገቢ በአደባባይ የታወቀ፥ የትልቁ ሹም ገቢ ግን ለግምት የተተወ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ክርክር ይኸው ነው፤ የገቢ መግለጥ ግዴታ ከላይ ወደ ታች መውረድ ሲገባው በእኛ ዘንድ ከታች ጀምሮ መካከል ላይ ቆሟል።

እንግዲህ ወደ አዋጁ እንመለስ። አዋጅ ቁጥር 668/2002 በአገራችን የሕግ ታሪክ ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ሕግ ነው። ተሿሚው፥ ተመራጩና በሕጉ የተጠቀሰው የመንግሥት ሠራተኛ የራሱንና የቤተሰቡን ሀብት፥ የገቢውንም ምንጭ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ እንዲታደስም ያዝዛል። የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፥ የሹም ሀብት ከመሾሙ በፊትና በኋላ ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር መሠረት የጣለ ሕግ ይህ ነው። የተመዘገበው መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንደሚሆንም ይደነግጋል። አሳቡ ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ጋር፥ ማለትም የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሊሆን ይገባል ከሚለው ጋር ይስማማል።

ጉድለቱ ያለው በአፈጻጸሙ መንገድ ነው። አንደኛ፥ መዝገቡ ክፍት ነው ቢባልም የሚከፈተው በጽሑፍ ለጠየቀ ሰው ነው። የአሊዩ አምባ ነጋዴ የአንድን የፌዴራል ሹም መዝገብ ለማየት ቢፈልግ፥ አቀበቱን ወጥቶ አንኮበር፥ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን፥ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ አዲስ አበባ ደርሶ ማመልከቻ ማስገባት ሊኖርበት ነው። ከመንገዱ ይልቅ የሚከብደው ግን ማመልከቻው ነው። ስሙን ጽፎ፥ ፈርሞ፥ «የእገሌን ሀብት ልይ» ማለት በእኛ አገር ልማድ ጠብ መፈለግ ይመስላል። ሕጉ ለጠያቂው በር ከፍቶለታል፤ ፊቱን ሳያሳይ የሚገባበት መንገድ ግን አላበጀለትም።

ሁለተኛ፥ የቤተሰብ ሀብት ምሥጢር ሆኖ ይጠበቃል። የሚስትንና የልጅን ክብር መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሀብትን በዘመድ ስም ማስቀመጥ የታወቀ ዘዴ በሆነበት አገር፥ ይህ ድንጋጌ በኮሚሽኑ ብርቱ ማጣራት ካልታገዘ መሸሸጊያ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፥ አዋጁ የሚጠይቀው ሹሙ ያለውን ሀብት ነው እንጂ መንግሥት ለሹሙ የሚከፍለውን በየዓመቱ ለሕዝብ አያወጣም። ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጉድለት ይመስለናል። ሀብት ከውርስ፥ ከንግድ፥ ከትዳርም ሊገኝ ስለሚችል የግል ጠባይ አለው። ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ግን ከሕዝብ ገንዘብ የሚወጣ ወጪ ነው። ከፋዩ የከፈለውን ማወቁ የሰውን ጓዳ መበርበር አይባልም። ደግሞም ሕጋዊው ገቢ በጠቅላላ ካልታወቀ፥ የተመዘገበው ሀብት ከገቢ በላይ ነው ወይም አይደለም ብሎ ተራው ዜጋ በምን ይፈርዳል? ሚዛኑ አንድ ጐን ብቻ ተሰጥቶታል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን አቃልለን አናልፍም። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምቀኝነት ያበዛል፥ ዘመድም በልመና ያስቸግራል» ይላሉ። ሌሎችም የግል ሕይወት መከበርን፥ ማለትም የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 26 ይጠቅሳሉ። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። በኖርዌይ የሁሉም ዜጋ የግብር መረጃ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ሳለ፥ በኢንተርኔት መፈለግ ሲቻል ሰው የጎረቤቱን ገቢ እየሰለለ ስላስቸገረ፥ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ፈላጊው ማን እንደሆነ ለተፈለገው ሰው እንዲታወቅ ተደርጓል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ፥ እኛ የምንጠይቀው የሁሉን ሰው ሳይሆን የከፍተኛውን ሹም ብቻ መሆኑ ነው። ምቀኝነትም ቢሆን ካለማወቅ የሚበልጥ ምግብ የለውም፤ ያልታወቀ ገቢ በወሬ ሲባዛ ንጹሑን ሹም ከሌባው ጋር አንድ ላይ ያማል።

ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ለማየት የቤልን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ቤል በካሊፎርኒያ፥ በሎስ አንጀለስ አጠገብ የምትገኝ የድኾች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 ሎስ አንጀለስ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ የከተማይቱ ዋና አስተዳዳሪ ሮበርት ሪዞ በዓመት 787,637 ዶላር ደመወዝ እንደሚከፈለው ገለጠ። ጥቅማ ጥቅሙ ሲደመርም ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ተጠጋ። ሰውየው በ2014 በ12 ዓመት እስራት ተቀጣ። ከዚህ ወዲያ ግዛቲቱ የከተሞችን ሹማምንት ክፍያ ሰብስባ ለሕዝብ ማሳየት ጀመረች። ልብ ማለት የሚገባን፥ የቤል ነዋሪ ሕግ ሳያጣ ዓመታት ሙሉ መታለሉን ነው። የመጠየቅ መብት ነበረው፤ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ግን አላወቀም።

ሂስ መፍትሔ ካልጠቆመ ወቀሳ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። በመጀመሪያ፥ ከስኬሉ ጣሪያ በላይ ለሚከፈልበት ለእያንዳንዱ የመንግሥት ሥራ ቦታ፥ የልማት ድርጅቶችን ጨምሮ፥ ደመወዙ፥ ቤቱ፥ መኪናው፥ ነዳጁና የቦርድ አበሉ በብር ተተምኖ በየዓመቱ ይውጣ። ወሰኑ በተወሰነ ብር ሳይሆን በስኬሉ ጣሪያ ይለካ። የካናዳዋ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ሕግ 100,000 ዶላርን ወሰን አድርጋ ሳትለውጠው በመቅረትዋ፥ ኑሮ ሲወደድ ዝርዝሩ መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሠራተኞች ተጥለቅልቋል። ሁለተኛ፥ የከፍተኛ ሹማምንት የሀብት ምዝገባ ዋና ፍሬ ነገር የቤት ቍጥርና የባንክ ሒሳብ ቍጥር ሳይጠቀስ፥ ማንም ሳያመለክት ይታተም። ሦስተኛ፥ መረጃው በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ ተጽፎ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ኢንተርኔት የማይደርሰው ሰው ሰሌዳ አያጣም።

የአሊዩ አምባ ሰው በሣህለ ሥላሴ ዘመን የሹሙን ገቢ በዐይኑ እያየ መጠየቅ አይችልም ነበር። የዛሬው ሰው እንዲጠይቅ ሕግ ተፈቅዶለት ሳለ የሚያየው ነገር የለውም። ማየትና መጠየቅ አንድ ላይ ካልተሰጡት፥ በመግቢያችን የጠቀስነው ተረት ጊዜ ያለፈበት ነው ለማለት አንደፍርም። አዋጁን ያረቀቁ ሰዎች መንገዱን እስከ እኩሌታው አድርሰውታል። የቀረውን ለመቀጠል የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት፥ የሚጠይቀው ድፍረት ግን ብዙ ነው። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ነገ በእነዚያ ወንበሮች የሚቀመጡ አሉና፥ ጥያቄውን ገና ሳንሾም ብናነሣው ይሻላል።